ከጥቁሩ መስመር ሥር

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ አዲስ ለተከፈተ ካፌ የበር ጽሑፍ እንድጽፍ ተጠራሁ። ቀለሜንና ብሩሼን ይዤ በጠዋት ሄድሁ። በሩን አልፌ ስገባ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ግድግዳው ሁሉ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ሆኗል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ ሌላ ቀለም የለም። በየሣጥኑ አንድ ፊደል፣ ከፊደሉ ሥር አንድ ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር ስሙ። ላ ብሎ ላም፣ መ ብሎ መኪና፣ ዓ ብሎ ዓሣ። ፀሐይዋ ዓይንና አፍ አላት፤ ትስቃለች። ዛፉ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ነው። በአንደኛው ጥግ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ ከራሱ፣ ከጆሮው፣ ከጉልበቱ ቀጫጭን ቀስቶች ወጥተው የየአካሉ ስም ተጽፎባቸዋል። አንደኛ ክፍል በመጽሐፋችን ያየነው፣ በየመንገዱ ዳር በገመድ ተንጠልጥሎ ይሸጥ በነበረው ገበታ ላይ ያየነው፣ በኬጂ አጥር ላይ ያየነው ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ገብቷል። ወጣቶች ማኪያቷቸውን ይዘው ከላሟ ፊት እየቆሙ ፎቶ ይነሣሉ።

«የልጅነት ስታይል ነው። አሁን በጣም ይፈለጋል» አለችኝ ካፌውን ያስዋበችው ልጅ። ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ሥዕሉን በኮምፒውተር ሠርታ፣ አሳትማ ነው የለጠፈችው።

ወደ ላሟ ቀረብሁ። ዙሪያዋን የሚዞረው ጥቁር መስመር ይንቀጠቀጣል።

«መስመሩ ምን ሆኖ ነው?» አልኋት።

«ሆን ብዬ ነው ያንቀጠቀጥሁት። በእጅ የተሠራ እንዲመስል። ቀጥ ካለ እኮ ነፍስ የለውም።»

 የበሩን ጽሑፍ ጽፌ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ይህን ነገር ሳልጽፈው እንደማይለቀኝ ገባኝ። መጻፍ ሥራዬ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ እዚያው የቆምሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከተንገዳገድሁ አንባቢ ይታገሠኝ።

ታላቅ ወንድሜ መላኩ የኬጂ ግድግዳ ሠዓሊ ነበር። በባሕር ዳርና በዙሪያዋ እሱ ያልሣለበት የሕፃናት አጥር ጥቂት ነው። ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ከነዚያ ገበታዎች ነው የተማረው። ልጅ ሳለ እናታችን የገዛችለትን የእንስሳት ገበታ አልጋው አጠገብ ሰቅሎ ሲገለብጥ ሲገለብጥ እጁ ያዘው። ሲያድግም ሌላ ዓይነት ሥዕል አላማረውም። አንዳንድ ሰው «ለምን የጣናን ገዳማት አትሥልም፣ ቱሪስት ይገዛልሃል» ይለው ነበር። «ቱሪስት ፊደል አያስፈልገውም» ይላል እሱ።

ሥራው ሕግ ነበረው። መጀመሪያ በጠመኔ መንደፍ። ከዚያ ቀለም መሙላት። መጨረሻ ላይ፣ ቀለሙ ሲደርቅ፣ ጥቁሩን መስመር መሳብ። ጥቁሩ መስመር ነው ላሟን ላም የሚያደርጋት። ከዚያ በፊት ቡናማ ነገር ናት። ቀለም የምሞላው እኔ ነበርሁ፤ መስመር የሚስበው እሱ። አንድ ጊዜ ብሩሹን ሳይነቅል ከቀንዷ ተነሥቶ፣ በጀርባዋ አልፎ፣ ጭራዋን ዞሮ ይመለሳል። ትንፋሹን ይዞ። ሲጨርስ ተንፍሶ «በል ሣር አብላት» ይለኛል፤ ከእግሯ ሥር አረንጓዴውን እንድቀባ ማለቱ ነው።

በእኛ ሥራ የሚፈርመው መስመሩን የሳበ ነው። ቀለም የሞላ አይፈርምም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ባሕር ዳር ያሉ የግድግዳ ሠዓሊዎች ሁሉ ግን ያውቁታል። ሦስት ዓመት ቀለም ስሞላ ስሜ አንድም ግድግዳ ላይ አልወጣም።

አንድ ቀን የዛፍ ጥላ መሬቱ ላይ ጨመርሁ። ያማረ መስሎኝ ነበር። መላኩ ሲያየው በነጭ ቀለም ደፈነው።

«ለልጅ ጥላ አይሣልም» አለኝ።

«ለምን?»

«ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅሃላ። ምን ልትለው ነው?»

እሱ የሚሥለው ዓለም እንዲያ ነበር። ጥላ የለበትም፣ ዝናብ ቢዘንብ ሦስት ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ በሬው ይስቃል፣ ጉማሬው ይስቃል። እኔ የጣና ጉማሬ ሲስቅ አይቼ አላውቅም።

የታመመው በክረምቱ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ፊቱ አበጠ። እኛ ወፈረ ብለን ተሳሳቅንበት። ቀጥሎ እግሩ ጫማ አልገባ አለ። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል ተባለ። ከዚያ በኋላ ማክሰኞና አርብ ሆስፒታል ሄዶ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ጨው ተከለከለ። ዓሣ ጥብስ እንደ እሱ የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ እጁ እስኪወዛ ይበላ የነበረ ሰው፣ እናታችን ያለ ጨው የቀቀለችለትን ሩዝ ከፊቱ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል። ከሁሉ የከፋው ውኃው ነው። ለቀኑ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ተፈቀደችለት። እኛ ቤት በር ላይ ቆመህ ጣና ይታይሃል፤ እስከ ሰማይ ድረስ ውኃ ነው። እሱ በጠርሙስ ክዳን ይጠጣል።

የሰውነት ክፍሎችን ስንት ግድግዳ ላይ ሥሏል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ ክንድ፣ ሆድ። ኩላሊት አንዱም ላይ የለም። አንድ ቀን ይህን ራሱ አነሣው። «ሆድ ብዬ የጻፍሁት ቀስት ውስጥ ነበር ለካ» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ኅዳር ላይ፣ በጎንደር መንገድ ካለችው ሐሙሲት ከተማ ሥራ መጣ። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ከአባታቸው የእህል መጋዘን ጀርባ ያለውን ግቢ መዋዕለ ሕፃናት አድርገውት ነበር። አጥሩ ከጎንደር መንገድ ፊት ለፊት ነው፤ ረጅም አጥር። እናታችን አይሄድም አለች። እሱ ግን «ይህን ልጨርስና ከዚያ እተኛለሁ» አላት። ይህን ቃል ሲናገር እኔም ነበርሁ። ሁላችንም ሰምተን፣ ስለ እንቅልፍ ብቻ እንዳወራ አድርገን አለፍነው።

መንገዱ ጥሩ ነበር። ጤፉ ሊታጨድ ደርሶ ሜዳው ወርቅ ሆኗል። ሚኒባሱ ሐሙሲት ሲቆም የሽምብራ እሸት የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። መላኩ አንድ እስር ገዛና ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ብላ፣ እኔ ድምፁን እሰማለሁ» አለኝ።

እኔ በሁለት ሳምንት ቀለሙን ሞልቼ ጨረስሁ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነድፍልኝ ነበር። ከዚያ የመስመሩ ቀን ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ነው። ብሩሹን ጥቁር ቀለም ውስጥ ነክሮ ከላሟ ቀንድ ጀመረ። ጀርባዋ ላይ ሲደርስ እጁ መንዘፍዘፍ ያዘው። በግራ እጁ ቀኙን ደገፈ። አልቆመለትም። በሽታው ደሙ ውስጥ የሚያጠራቅመው ነገር እጅን እንደሚያርበተብት በኋላ ነው ሐኪሙ የነገረን።

ወደ ኋላ ብሎ አየው። «ይኼ ላም ነው ወይስ የተተረተረ ሹራብ?» አለ።

«ልሳብልህ?» አልሁት።

«አንተ ቀለምህን ሙላ።»

«ቀለሙ አልቋል እኮ።»

«እንግዲያስ ቁጭ በል።»

ማክሰኞን ለሆስፒታል ትቶ ረቡዕና ሐሙስ ሳበ። ዓሣውን፣ የደንገል ታንኳውን፣ ቤቱን፣ ፀሐይዋን። ሁሉም ይንቀጠቀጣሉ። በመጀመሪያው ቀን እጁን ይደብቅ ነበር፤ በመጨረሻው ግን ተወው። እንዲያውም የሆነ ነገር የገባው ይመስል ነበር። በዝግታ፣ መስመሩ ወደፈለገበት እንዲሄድ እየለቀቀ፣ እንደ ሕፃን ምላሱን አውጥቶ ይስባል።

ሐሙስ ከሰዓት ልጆቹ ከክፍል ወጥተው ከበቡን። አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ላሟን ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እትዬ፣ ላሟ በርዷታል» አለች።

እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ቀረብ ብለው አዩ። «ቀለሙ ሲደርቅ ይሞቃታል፤ አይዞሽ።»

መላኩ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ልጂቱን ጠርቶ «ትክክል ነሽ፣ በርዷታል። እኔም በርዶኛል» አላት። እሷም የራሷን ሹራብ አውልቃ ልትሰጠው ስትል ሁሉም ሳቁ።

እዚህ ላይ ማቆም ብችል ደስ ባለኝ።

አርብ እሱ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። እኔ ዕቃ ሰብስቤና የተንጠባጠበውን ጠርጌ እንድመለስ ሐሙሲት ቀረሁ። ፊርማው ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱንም ቅዳሜ መጥቶ ይፈርማል። ብሩሽ እያጠብሁ ሳለ ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ አጥሩ ፊት ቆመ። ተሳፋሪዎቹ እሸት እየፈለፈሉ በመስኮት ያያሉ። አንዱ ጎልማሳ ሰውዬ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየና ለጎረቤቱ ጮክ ብሎ፣

«ይኼን ደግሞ ምን ዓይነት ሰካራም ነው የሣለው?» አለ።

መስኮቱ ሁሉ ሳቀ። አንዱ «ላሟም ጠጥታለች» ብሎ ጨመረ። አውቶቡሱ ሄደ።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ መንገዱን ተሻግሬ አጥሩን ከሩቅ አየሁት። በሰውዬው ዓይን አየሁት። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ፣ እኛን የሚያውቁ ሠዓሊዎች ሁሉ፣ የመላኩ እጅ አለቀለት ሲሉ ተሰማኝ። ይህን ማንም ስለ ወንድሜ እንዲል አልፈለግሁም። ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን መስመር ለመሳብ ስመኝ ኖሬያለሁ።

ጥቁሩን ቀለም ከፈትሁ። እትዬ ዘይነባ ከመጋዘኑ ወጡ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«መስመሩን ላስተካክል ነው።»

«ተወው የኔ ልጅ። ልጆቹ ወደውታል እኮ።»

«መላኩ ራሱ ነው ያዘዘኝ» አልኋቸው።

 «እሱ ካለ ይሁን» ብለው ተመለሱ።

ሰፊ ብሩሽ ወሰድሁ። የተንቀጠቀጠውን ለመሸፈን መስመሩ ሁለት ጣት ያህል መወፈር ነበረበት። ከቀንዷ ጀመርሁ፣ በጀርባዋ አለፍሁ፣ ጭራዋን ዞርሁ። ትንፋሼን ይዤ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቀጥሎ ዓሣውን። ቀጥሎ ታንኳውን። ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንድም የሚንቀጠቀጥ ነገር አጥሩ ላይ አልቀረም። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ሳየው ልክ የድሮ ገበታ መስሏል። ልክ ከማተሚያ ቤት እንደ ወጣ።

ቅዳሜ መላኩ መጣ። ከሚኒባሱ ሲወርድ እጁን ይዤ አሻገርሁት። አጥሩን አየና ቆመ። ከዚያ ከጫፍ ጀምሮ በዝግታ፣ እያንዳንዱን ሣጥን እያየ ሄደ። እኔ ከኋላው። ምን ያህል ጊዜ እንደ ወሰደበት አላውቅም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ጥሩ መስመር ነው» አለኝ። «እጅህ ጸንቷል።»

እንደገና ወደ አጥሩ ዞረ።

«የእኔ የቱ ነው?»

 የጠየቀው ለማሾፍ አልነበረም። በእርግጥ እየፈለገ ነበር። ዓይኖቹ አጥሩ ላይ ይሄዱ ነበር፤ አንዲት የተረሳች ቅጠል፣ አንዲት ቀስት እንኳ ቀርታ እንደሆነ። እኔ ግን ጠንቃቃ ሠራተኛ ነኝ። አንድም አልረሳሁም።

«ከሥር ነው» አልሁት በመጨረሻ።

ራሱን ነቀነቀ። ከኪሱ የፊርማውን ቀጭን ብሩሽ አወጣና ዘረጋልኝ። «በል ፈርም። መስመሩን የሳብኸው አንተ ነህ።»

«አንተ ፈርም።»

«ያልሳብሁትን?»

«መላኩ፣ እባክህ።»

«ታዴ፣ ሕግ ነው» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ብሩሹን እጄ ላይ አስቀምጦ ሊቀመጥ ሄደ። እኔም አልፈረምሁም። ሰኞ እፈርማለሁ አልሁት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነበር። የዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ሳይገልጥ፣

«ላሟን እንኳ ብትተዋት» አለ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስተን አናውቅም። ብሩሽም አልያዘም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሆስፒታል በተመለሰ ማግሥት፣ አረፈ።

ይኸው አራት ዓመት ሊሆነው ነው።

በአርባው ሰሞን እናታችን «ያቺን የመጨረሻ ሥራውን አሳየኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ከዚያ አንድ ቀን ቀድሜ ብቻዬን ሐሙሲት ሄድሁ። እሱ የሰጠኝን ቀጭን ብሩሽ ይዤ፣ ከአጥሩ ታችኛው ጥግ ላይ «ሥዕል፦ በመላኩ» ብዬ ጻፍሁ። የእሱን ፊርማ አሳምሬ መገልበጥ እችላለሁ።

በማግሥቱ እናቴን ወሰድኋት። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አጥሩ ፊት ቆመች። አለቀሰች። ከዚያ ቀረብ ብላ ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች። በላሟ ጀርባ ላይ ቀስ እያለች ጣቷን ሳበችው፣ እስከ ጭራዋ።

«ይኼ የእሱ እጅ ነው?»

«አዎ።»

«እንዴት ቀጥ ብሏል!» አለች። ዞራ አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ምን ልበለው… እፎይታ ነው። «እኔ እኮ ያን ጊዜም እጁ ሲርበተበት የነበረ እየመሰለኝ ስቃጠል ነበር። ማንኪያ እንኳ መያዝ እምቢ ብሎት ያየሁትን እያሰብሁ፣ ያን ሁሉ ሥራ እንዴት አድርጎ ጨረሰ እያልሁ። ለካ አልደከመም ነበር። ለካ ልጄ እስከዚያ ድረስ ደኅና ነበር።»

አጎንብሳ መስመሩን ሳመችው።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ሐሙሲት እወስዳታለሁ። እትዬ ዘይነባ ከመጋዘኑ ወጥተው ወንበር ያቀርቡላታል፤ እኔን ግን እምብዛም አያዩኝም። የሚያውቁ ይመስለኛል። እሳቸውም ለእናቴ ብለው ዝም ያሉ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ የላይኛውን መስመር በምላጭ ልልጠው ሞክሬ ነበር፤ በአጥሩ ዳርቻ፣ ማንም በማያየው ትንሽ ቅጠል ላይ። ዘይት ቀለም በዘይት ቀለም ላይ ሲደርቅ አንድ ይሆናል። የእኔ ሲነሣ የእሱም አብሮ ተነሣ። ነጩ ግድግዳ ብቻ ወጣ።

የካፌዋ ልጅ መስመር ቀጥ ካለ ነፍስ የለውም አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩን አዝዛ ታንቀጠቅጠዋለች። እኔ ግን እውነተኛውን አይቻለሁ። አንድ ሊሞት ያለ ሰው ሣጥን በሣጥን፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። አፍሬበት ደፈንሁት። ያን የደፈንሁበትን ደግሞ እናቴ ትስመዋለች፤ በእሱም ትጽናናለች። እውነቱን ብነግራት ወንድሜን ሳይሆን እሷን ነው የምጎዳው። ባልነግራት ደግሞ አጥሩ ላይ እሱ የለም።

ቅዳሜ እንሄዳለን። ነጠላዋን አጥባ አስጥታለች። አጥሩ ፊት ስንደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ትጠይቀኛለች፤ በየዓመቱ ትጠይቀኛለች። አዎ፣ የእሱ እጅ ነው እላታለሁ።